የአሥራ አራት ቁጥር በረንዳ

ዋለልኝ በዚያ ሆቴል አንድም ሌሊት አላደረም፤ ግን በጨለማ ቢያስገቡት የመብራቱ ማብሪያ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል።

ሆቴሉ ያለው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ በሚባለው ደሴት መሀል፣ ዎኖሶቦ በምትባል የደጋ ከተማ ነው። ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ የተሠራ፣ በሮቹ አረንጓዴ የተቀቡ ባለ አንድ ፎቅ ርካሽ ቤት። ሲመሽ የእንግዶቹ ሞተር ሳይክሎች እንዳይሰረቁ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ገብተው ከሶፋው ጎን ይደረደራሉ። መታጠቢያ ቤቱ ሻወር የለውም፤ በሰድር ከተሠራ ገንዳ በረዶ የመሰለ ውኃ በፕላስቲክ ጣሳ እየቀዱ ራስ ላይ ማፍሰስ ነው። አልጋው ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ይህን ሁሉ ዋለልኝ ያወቀው ቶሮንቶ፣ ዌስተን፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ካለው አፓርትመንቱ ሳይወጣ፣ መንገደኞች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ሪቪው አንድ በአንድ እያነበበ ነው። አንድ የሆላንድ ጡረተኛ፣ ጎረቤትህ ቢያስነጥስ ከአልጋህ ሳትነሳ ይማርህ ልትለው ትችላለህ ብሎ ጽፏል። ዋለልኝ ያቺን ነገር ያነበበ ዕለት እራት አልበላም።

ከዚያ ስስ ግድግዳ በአንደኛው ወገን ሚስቱ ዓለምሸት ትተኛለች። በሌላኛው ወገን ያፌት የሚባል ሰው ይተኛል።

ዋለልኝና ዓለምሸት የተገናኙት ደርግ በወደቀበት ሰሞን አለማያ ነው። እሱ ገና የተመረቀ ረዳት መምህር፣ እሷ የሁለተኛ ዓመት የዕፅዋት ተማሪ። የድንች ዋግ እንዴት እንደሚጀምር፣ ጤዛው ሳይነሳ በማለዳ ማሳ ወርዶ ቅጠሉን ገልብጦ ነጩን ሻጋታ ያሳያት እሱ ነበር። ዓለምሸት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይህን እያነሳች ታስቅ ነበር፤ "ሌላዋ ሴት አበባ ተሰጥቷት ታገባለች፤ እኔ የታመመ የድንች ቅጠል ተሰጥቶኝ አገባሁ" ትላለች። ዋለልኝም ይስቃል። ያን ማለዳ እያሰበ ስለሚስቅ ሳቁ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚያበቃው።

ካናዳ ያስገባው የእሱ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ዲግሪው አስገባው እንጂ ሥራ አልሰጠውም። ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍል ዌርሃውስ ውስጥ ለጊዜው ብሎ ገባ። ጊዜው ግን ሳይታወቀው ዐሥር ዓመት ሆነ። ዓለምሸት ዳቦ ቤት እየሠራች ኮሌጅ ተማረች፤ ከዚያም ለድሀ ገበሬዎች የዘር ድንች ጉዳይ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የተራድኦ ድርጅት ቀጠራት። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት መግቢያ ላይ ድርጅቱ ከዎኖሶቦ በላይ ባለው አምባ ለገበሬዎች የዘር ማከማቻ ሊያሠራ እሷንና የአፈር ባለሙያውን ያፌትን ላከ። ያፌት በዐሥር ዓመቱ የመጣ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ያደገ፣ ሚስቱን የፈታ መልከ መልካም ሰው ነው። አማርኛ ሲናገር ድንጋይ እየመረጠ ወንዝ የሚሻገር ይመስላል።

ዋለልኝ ኤርፖርት ሲሸኛቸው ያፌትን ጨብጦ፣ "ዋግ ስታዩ ቅጠሉን በጠዋት ገልብጡት" አለው። ያፌት "እሺ፣ ጋሽ ዋለልኝ" ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። ዋለልኝ ግን ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ያን ፈገግታ እንደ ጨርቅ ገለባብጦ መረመረው። እዚያ ማሳ መሀል መቆም የነበረበት እሱ ነው። እዚያ በረንዳ ላይ መቀመጥ የነበረበትም እሱ ነው። ለሥራው የቀናውንና ለሴቲቱ የቀናውን መለየት አቃተው፤ ሁለቱ ቅናቶች አንድ ብርድ ልብስ እንደሚጓተቱ ወንድማማቾች ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው ያነቁት ጀመር።

መጀመሪያ ላይ የዓለምሸት ወሬ ሁሉ ሳቅ ነበር። እሱ ለሥራ ሲነሳ እዚያ ይመሻል፤ በስካይፕ ይገናኛሉ።

"ክፍልሽ ስንት ቁጥር ነው?" አላት አንድ ቀን።

"አሥራ አራት። ምን ልታደርግበት ነው?"

"ዝም ብዬ ነው። ያፌትስ?"

"አሥራ ሦስት። ዋለልኝ!"

"ምን አልኩ?"

"ስማኝ፣ እዚህ ሆቴል እንኳን ሌላ ነገር ገላ መታጠብም ድፍረት ይጠይቃል። ብርዱ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ሹራብ ለብሼ፣ ነብሩን ተከናንቤ ነው የምተኛው። ደግሞ ባለቤቷ ኢቡ አለች፤ እናት ማለት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራት። ማታ ማታ በየበሩ እየዞረች ሻይ ስታድል እግረ መንገዷን ማን ከማን ጋር እንዳለ ትሰልላለች። ያንተ ዘመድ ናት።"

ሳቀች፤ እሱም ለመሳቅ ሞከረ። ስልኩን እንደዘጋ ግን ኮምፒዩተሩን ከፈተ። አንድ የአውስትራሊያ ባልና ሚስት ከለጠፉት ፎቶግራፍ ላይ የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ በረንዳ እንደሚጋሩ አየ። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት አብረው ናቸው። በረንዳው ላይ ሁለት የሸምበቆ ወንበሮች፣ መሀላቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዝ። መሀሉን የሚለይ አጥር የለም። የአበባ ማሰሮ እንኳ የለም።

ልጃቸው ኤልያና የቁርስ ሳህኗን ይዛ በትከሻው በኩል አየችው። "ዳድ፣ ማሚን ስቶክ እያደረግካት ነው?"

"ስቶክ ምንድን ነው?"

"ሰው መከታተል። እንደ ክሪፒ ሰው።"

"ሆቴሉን ነው የማየው። እናትሽ ያለችበትን ማወቅ ነውር ነው?"

"ታውቀዋለህ እኮ። ኤቭሪ ዴይ ታየዋለህ" ብላ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

ይህን ጭንቀቱን ያዋየው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዌርሃውስ አብሮት ለሚሠራው ለጥጋቡ። ጥጋቡ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ግን በያዘው ምሥጢር ባለቤቱን ራሱን ሲቀልድበት ይውላል። ጠዋት ጓንቱን እያጠለቀ፣ "እህሳ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ሰላም አደረ? ኢቡ ሻይ አዞረች?" ይለዋል። ዋለልኝ ይሰድበዋል። ተሳድቦ ሲወጣለት ቀኑ ይቀልለዋል።

ፌብሩዋሪ ሲጋመስ ነገሩ ተለወጠ።

አንድ ጠዋት ስካይፑ ሲከፈት ዓለምሸት በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ጉም ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋም ጎርንኗል።

"ምን ሆነሻል?"

"ጉንፋን ነው።"

"ሐኪም አየሽ?"

"ይለቀኛል። አንተ ደህና ነህ? በልተሃል?" ብላ መልሱን ሳትጠብቅ ፊቱን አተኩራ አየችው፤ ልጅ ሆኖ ታሞ እናቱ ግንባሩን እንደምትዳስሰው ዓይነት አስተያየት ነበር። ዋለልኝ ይህን አላስተዋለም። እሱ ያየው ሌላ ነገር ነው። ከስክሪኑ ጠርዝ የወንድ እጅ ብቅ አለ፤ ክዳን ያለው የሻይ ብርጭቆ ዘረጋ። ዓለምሸት ቀና ሳትል፣ የማን እጅ እንደሆነ ሳታይ ተቀበለችው።

ይህቺ ሳታይ መቀበሏ እንደ እሾህ ተሰካችበት። ሰው ሳያይ የሚቀበለው ከለመደው እጅ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ያን ልማድ ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጅቶበታል።

"ማነው?" አላት።

"ያፌት ነው። ዋልዬ፣ ሥራውን ላቋርጥ ነው። እመጣለሁ።"

"ለምን?"

"ስመጣ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ብቻህን አትሁን፤ እሺ? እነ ጥጋቡ ጋ ሂድ።"

ስመጣ እነግርሃለሁ። ሴት ልጅ ባሏን ከዓለም ዳርቻ ደውላ ስመጣ እነግርሃለሁ ስትል የምትነግረው ነገር አንድ ነው ብሎ አሰበ ዋለልኝ። ያን ቀን ዌርሃውስ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሳጥን ጫነ።

ልትመጣ ነው ሲል ደግሞ ሳትመጣ ቀረች። በጃቫ ምሥራቃዊ ክፍል አንድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ኤርፖርቶቹን ዘጋ። ዋለልኝ ውሸት መስሎት ዜናውን ፈለገ፤ እውነት ነበር። ግራጫ አመድ የለበሱ መኪኖችን፣ አመድ የለበሱ ጣሪያዎችን አየ። "ተራራውም ከነሱ ጋር አብሯል" አለ ብቻውን።

በማግስቱ ሲደውል ስልኳን ያነሳው ያፌት ነው።

"ጋሽ ዋለልኝ፣ ተኝታለች። ገና አሁን ነው የተኛችው። ልቀስቅስልዎት?"

"የሚስቴን ስልክ አንተ ምን ልታደርግ ታነሳለህ?"

ያፌት ወዲያ ማዶ ድንጋዩን እየመረጠ ነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳትነቃ ብዬ ነው። እርስዎ… እርስዎ በርቱ።"

ዋለልኝ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። ሚስቱን የወሰደበት ሰው ጭራሽ አይዞህ ያለው መሰለው።

እሑድ ደረሰ። ዋለልኝ እሑድ እሑድ ደብረ ማርቆስ ላለችው ታላቅ እህቱ ለአበራሽ ይደውላል። እታለም ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል አልጨረሰም ነበር፤ አበራሽ ቴሌ ኦፕሬተር ሆና ተቀጥራ፣ የመጣላትን ባል "ይሄ ልጅ ይድረስልኝ" ብላ ዓመታት አቆይታ ያሳደገችው እሷ ናት። ጡረታ ወጥታም ስልክ ስታነሳ በዚያ በቴሌ ድምፅዋ "አቤት፣ ማን ልበል?" ትላለች፤ እሱ መሆኑን እያወቀች። በዚያ እሑድ ግን ስልኩን ያነሳው ልጇ ነው።

"እማዬ ፀበል ሄዳለች፣ ጋሼ። እዚያ ስልክ አይያዝም።"

"ምን አመማት?"

"ምንም። ያው ደም ግፊቱ… ትንሽ ቀን ትቆያለች።"

ከኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። "ቤቱ ሰው በዝቶበታል?"

"አዎ፣ ማኅበር ነው። የጎረቤት።"

"በል ሰላም በላት" ብሎ ዘጋው። በሌላ ጊዜ ቢሆን የየት ፀበል፣ ከማን ጋር፣ ማኅበሩስ የማን ብሎ ያደርቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ንግግሩ ማጠሩ ደስ አለው። ከዎኖሶቦው ሆቴል ስር አዲስ ሪቪው ተለጥፎ ነበር፤ ሊያነበው ቸኩሏል።

ሰኞ ዌርሃውስ ሲገባ ጥጋቡ አልቀለደም። ስለ አሥራ ሦስት ቁጥርም ስለ ኢቡም አላነሳም። ከባዱን ሳጥን ዋለልኝ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቀድሞ አነሳለት። ምሳ ሰዓት ላይ ሥርጉት፣ ሚስቱ፣ የቋጠረችለትን ወጥ ገምሶ ወደሱ ገፋ። ጥጋቡ በሰው ምሳ ላይ እጁን የሚሰድድ እንጂ የራሱን የሚያካፍል ሰው አይደለም።

"ቅዳሜ ሥራ አለህ?" አለው እያየው ሳይሆን ወጡን እያየ።

"የለኝም።"

"ቤት ነህ?"

"የት እሄዳለሁ?"

"ጥሩ። ጥሩ ነው።"

ይህ ለቀናት ቀጠለ። ዋለልኝ ሐሙስ ዕለት አልቻለም፤ ልብስ መቀየሪያው ጋ አስቁሞ ያዘው። "ጥጋቡ፣ የምታውቀው ነገር አለ።"

"እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ታዲያ ለምን አትቀልድብኝም?"

ጥጋቡ ዓይኑ ውኃ ሞላ። "ዓለምሸት ትምጣና…"

"ትምጣና ምን?"

"እኔን አትጠይቀኝ፣ ወንድሜ። እግዜር ያበርታህ" ብሎ ጃኬቱን በግራ እጁ እንደያዘ፣ ሳይለብሰው በረዶው ላይ ወጣ።

አሁን ዋለልኝ ተረዳ። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁለቱ ሰሞኑን ያለ ምክንያት ደውለው ጤንነቱን ጠይቀውታል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣ በዓል ካልሆነ የማይደውሉት ሰውዬ፣ "ልጄ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው?" ብለውታል። ቶሮንቶ ሙሉ እሱን እያየ ከንፈሩን የሚመጥጥ መሰለው። የራሱ ውርደት ደርሶ፣ የመጨረሻው ሰሚ እሱ ሆኗል።

ዓርብ ዓለምሸት ደወለች። ኤርፖርቱ ስላልተከፈተ በአውቶቡስ ጃካርታ ገብታ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው፤ ቅዳሜ በማለዳ ትደርሳለች።

"ልቀበልሽ ልምጣ?"

"አይሆንም!" አለች ፈጥና። ከዚያ ዝግ ብላ፣ "የሚቀበለን ሰው አለ። አንተ ቤት ቆይ፣ ዋልዬ። እባክህ ቤት ቆይ።"

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሥርጉት መጥታ ኤልያናን "ከልጆቼ ጋር ታድራለች" ብላ ወሰደቻት። ልጅቷን እንኳ ከፊቱ አነሱለት። ዋለልኝ በሩን ዘግቶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ትልልቆቹን ሻንጣዎች አወረደ። ዓለምሸት የምትነግረውን ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ ልቀቀኝ ሳትለው ቀድሞ ይለቃታል። የቀረችው ክብር ያቺ ናት። ልብሷን ከቁም ሣጥን አንድ በአንድ አውርዶ አጠፈው፤ የሠርጓን መልስ ቀሚስ፣ የዳቦ ቤቱን ሽርጥ፣ ማሳ የምትገባበትን ጫማ። አራት ሻንጣ ሆነ። በር አጠገብ ደርድሮ ሲያያቸው አንድ ሙሉ ሰው የሚያህሉ መሰለው።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይገረጣ የታችኛው በር ደወል ጮኸ። ዋለልኝ ልብሱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ይጠብቅ ነበር። በሩን ሲከፍት ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ከፊት ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ጥጋቡ፣ ሌሎች ሁለት የማኅበር ሰዎች። ከነሱ ኋላ ዓለምሸት ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሻንጣዋን የያዘው ያፌት ነው። ዋለልኝ ሻሹን አላየም። ሻንጣዋን የያዘውን እጅ ነው ያየው።

ሽማግሌ ይዛ መጣች፤ አለ በሆዱ። ፍቺውንም በወጉ ልታደርገው ነው።

"ደህና አደርክ፣ ልጄ፣" አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ። "እስቲ ግባና ቁጭ በል።"

"ቆሜ ይሻለኛል፣ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ። እርስዎም በዚህ ብርድ ባልደከሙ። ሽምግልና አያስፈልግም። ዕቃዋ ይኸውና፤ ይዛ ትሂድ። ከማን ጋር እንደምትሄድም አልጠይቃትም።"

ሽማግሌው ወደ ሻንጣዎቹ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ዓለምሸት፤ ግራ ገባቸው። "የማን ዕቃ ነው? ልጄ፣ እኛ የመጣነው…" ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለቱንም እጆቹን ያዙ። "ሰው ሆኖ የማይሞት የለም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እህትህ አበራሽ ዐርፋለች። ሳትታመም፣ ሳትሰቃይ ነው ያረፈችው። ቀብሯ በክብር ተፈጽሟል። ሚስትህ ሳትደርስ አንነግረውም ብለን ነው የቆየነው።"

ቃላቱ ወደ ዋለልኝ በተራ ነው የገቡት። መጀመሪያ የገባው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ዓለምሸት አልተወችኝም የሚለው ነው። በደረቱ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለች፤ ሙቅ፣ ጣፋጭ፣ አሳፋሪ ደስታ። እስትንፋሱን ሊስባት ሲል ሁለተኛው ቃል ደረሰ። ስልኩን የሚያነሳ የለም ማለት ነው። ያ ማኅበር ነው የተባለው ጫጫታ የእሷ ለቅሶ ነበር፤ እሱ በል ሰላም በላት ብሎ የዘጋባት።

ዓለምሸት ሰዎቹን ገፍታ መጥታ አቀፈችው፤ "እታለም! እታለሜ!" እያለች፤ እሱ ሊያወጣው ያልቻለውን ጩኸት እሷ አወጣችለት። ጥጋቡ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሦስት ቀን ሙሉ ከኢቶቢኮም ከስካርቦሮም ሰው መጣ፤ ወንበር ከጎረቤት ተለመነ። ዓለምሸት ከሻንጣዎቹ አንዱን ከፍታ ጥቁር ቀሚሷን አወጣች፤ ምንም ሳትል ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠች፤ የመጣውን ሁሉ ተቀበለች። ሻንጣዎቹ ግን በሩ አጠገብ እንዳሉ ነበሩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እነሱን እየተሻገረ ይገባል።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ ኤልያናም ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ዓለምሸት መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሻንጣዎቹን አምጣቸው" አለችው።

እየጎተተ አስገባቸው።

"ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ላውንድሪ ነው አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ግን ጨዋ ናቸው።"

"ዓለም፣ እኔ…"

"ዝም በል። እህትህን ከሳምንት በላይ ብቻዬን ተሸክሜያት ነበር። አንተ ልብሴን ታጥፍ ነበር። ልሄድ ብል ኖሮ ልብሴን በገዛ እጄ ነው የማጥፈው። አንተ አይደለህም የምታጥፍልኝ። በል፣ እንዳወጣኸው መልሰው። አንድ በአንድ።"

ዋለልኝ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሻንጣ ከፈተ። አንዱን ልብስ አነሳ፤ ማንጠልጠያ ፈለገ፤ ሰቀለ። እሷ ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ አድርጋ ታየው ጀመር።

"መልሼ እሄዳለሁ" አለች። "ማከማቻው አላለቀም።"

"ወደዚያው ሆቴል?"

"ወደዚያው ሆቴል። ወደዚያው ክፍል።"

ከእሱ ጋር? ሊል ነበር፤ ዋጠው። ሌላ ልብስ ሰቀለ። "እዚያ ሆነሽ እንዴት ነበር የሰማሽው?" አላት በምትኩ።

ዓለምሸት ሻሿን ጭኗ ላይ አጠፈችው። ከዚያ ነገረችው። የአበራሽ ልጅ የደወለላት ከማሳ ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። ያ ግድግዳ ምን ይሸፍናል? ሆቴሉ ሙሉ ሰማ። ኢቡ ፀጉሯ እንደረጠበ ሮጣ መጣች፤ ምን ሆንሽ ሳትል አጠገቧ መሬት ተቀመጠች። ከዚያ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ከአሥራ ሁለት ቁጥር፣ ከታችኛው ፎቅ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር፤ የማያውቋትን ሴት ለቅሶ ሊደርሱ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ። ያፌት ቶርንክሊፍ ፓርክ እናቱ ጋ ደውሎ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። እናቱ፣ ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ብቻዋን አትተውም፤ ወንበር ስበህ ተቀመጥ፤ ዝም ብትልም ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ። የሚባለውን ስለማያውቅ ምንም አላለም፤ አመዱ መንገዱን እስኪለቅ ድረስ ከሥራ መልስ እዚያ በረንዳ ላይ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዋለልኝ ሲሰማ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። ለገዛ እህቱ ከእሱ በፊት የማያውቃቸው ሰዎች አለቀሱላት። የሞተር ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ቀድሞታል። በእነሱም ቀና።

ከሻንጣው አንድ ቀሚስ አነሳ። ሳይዞር፣ "ያፌትም አለቀሰ?" አላት።

"አለቀሰ።"

"እታለምን አያውቃትም እኮ።"

"አያውቃትም" አለች ዓለምሸት። ድምፅዋ የሚሸሽግ ሰው ድምፅ አልነበረም። "ለእኔ ብሎ ነው ያለቀሰው።"

ዋለልኝ ቀሚሱን እንደያዘ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሪቪው፣ በዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ ውስጥ ሲፈልገው የከረመው ይህን ነበር። እነሆ አገኘው፤ ከጠበቀው እጅግ ያነሰ፣ በደል የማይባል። ምንም አይደለም ሊለው ግን አልቻለም። አንድ ሰው በሩቅ አገር፣ በብርድ፣ ስለ ሚስቱ ዕንባ አልቅሷል፤ እሱ እዚያ አልነበረም፤ ወደፊትም በዚያች ሰዓት እዚያ ሊገኝ አይችልም።

"ስቀለው እንጂ" አለችው። "ይጨማደዳል።"

ሰቀለው። ትከሻውን በእጁ አስተካከለው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን አነሳ።